መልሱን የማያውቅ ጠያቂ

የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፣ እራት በልተን ቡና እስኪፈላ፣ እንቆቅልሽ ጀመረችኝ።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«እግር የለው ይሮጣል፣ ሲርበው ይጮኻል።»

ወንዝ ነው አልኩ። አይደለም። ንፋስ? አይደለም። የጎረቤታችንን ሞተር ሳይክል ሳይቀር ጠራሁ። ሲያቅተኝ «አገር ስጠኝ» አለች። ጎንደርን ሰጠኋት። አልበቃኝም አለች፤ ሐረርን ጨመርኩላት። ሁለት ከተማ ተረክባ፣ እንደ ወጉ ልክ ልኬን ከነገረችኝ በኋላ «እሺ፣ መልሱ ምንድነው?» አልኳት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ምንም ሳታፍር «እኔም አላውቀውም» አለች።

እናቷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ማታ ስተኛ ግን ነገሩ ትዝ እያለ እንቅልፍ ነሳኝ። እንዲህ ተደርጌ አውቃለኋ! ያኔ የሰጠሁት ከተማ ሳይሆን የዓመታት ማታ ማታዬን ነበር። የጠየቀኝም ሎስት የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ነበር።

እንቆቅልሽ ላይ ተጠያቂው ባያውቅ ችግር የለም፤ መብቱ ነው። ጠያቂው ግን ማወቅ አለበት። አገር የሚቀበለው ለዚያ ነው። ስለ ትልልቅ ተከታታይ ፊልሞች ሻይ ቤትም ቢሮም የምንጨቃጨቀው ሲጠቀለል ከዚህ አያልፍም ባይ ነኝ። ትልቅ ስል በጀቱን ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው፣ ብዙ ዘመን፣ ብዙ ጥያቄ ይዞ ተመልካቹን «ቆይ፣ ታገሰኝ፣ በኋላ ይገጣጠማል» የሚለውን ነው። እንዲህ የሚለኝን ሰው ሁለት ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ። መልሱን ታውቀዋለህ? ካወቅከውስ፣ ተናግረህ እስክትጨርስ የሚያስቀምጥህ አለ?

ሎስት መስከረም 2004 ላይ ኤቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ ጀመረ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ቀኖቹም ዓመቶቹም የፈረንጅ ናቸው።) እኛ ሰፈር የደረሰው ግን ዘግይቶ፣ በተቀዳ ሲዲ ነበር። አንድ ሲዲ ላይ አራት አምስት ክፍል ይታጨቃል። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ወሳኙ ቦታ ላይ ደግሞ ሲዲው ተጭሮ ይገኛል። «ሲዝን» የሚለው ቃል እኛ ጋ የተከታታይ ፊልም ስም ሆኖ የቀረው በዚያ ሰሞን ይመስለኛል። «ምን ሲዝን እያየህ ነው?» ነበር ሰላምታው።

አውሮፕላን ደሴት ላይ ይወድቃል። እስካሁን ግልጽ ነው። ከዚያ ሐሩር ደሴት ላይ የበረዶ አገር ነጭ ድብ ይወጣል። ጥቁር ጭስ ሰው ይገድላል። መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት በር ይገኛል። ስድስት ቁጥሮች በየቦታው ይመላለሳሉ፤ ዛሬም በቃሌ አውቃቸዋለሁ፦ 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23፣ 42። በየክፍሉ አዲስ እንቆቅልሽ፣ በየክፍሉ «አገር ስጠኝ»። እኛም መስጠት ነው።

ሎስትን ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ ጄ. ጄ. ኤብራምስ ነው። በ2007 ቴድ በሚባለው የንግግር መድረክ ላይ ቆሞ ስለ አንድ ሳጥን አወራ። በልጅነቱ ከአስማት መሸጫ ሱቅ በ15 ዶላር የገዛው የታሸገ ሳጥን ነው። ውስጡ 50 ዶላር የሚያወጣ የአስማት ዕቃ አለ ተብሎ ነው የሚሸጠው። ኤብራምስ ሳጥኑን አንድም ቀን አልከፈተውም። ተዘግቶ ሲኖር ውስጡ ምንም ሊሆን ይችላል፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው ባይ ነው። ለጅማሬ ይሄ አባባል እውነት አለው። የተዘጋ ነገር ያጓጓል። ችግሩ ሳጥኑ የራሱ መሆኑ ላይ ነው። የራስህን ሳጥን ባትከፍት ማንም አይከስህም። ለሌላ ሰው ሸጠህ ስታበቃ ግን መከፈት አለበት። ሰውዬውም በበኩሉ ሎስት እንደተጀመረ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ፤ ሳጥኑን ተሸክመው የቀሩት ጸሐፊዎቹ ዴመን ሊንደሎፍና ካርልተን ኩስ ናቸው።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ለረጅም ጊዜ ስወቅስ ኖሬያለሁ። በኋላ ነገሩን ሳጤነው ግማሹን ወቀሳ አነሳሁላቸው። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ አንድ ድራማ ከተወደደ አያልቅም። በዓመት 22፣ 24 ክፍል እየተመረተ ይቀጥላል፤ ማስታወቂያው ገንዘብ ነዋ። እዚህ ውስጥ ሆነህ እንቆቅልሽ ስትጽፍ እያንዳንዱ መልስ ዕድሜህን ይቆርጣል። ዛሬ ጭሱ ምን እንደሆነ ከነገርክ የሚቀጥለው ዓመት ምን ልትል ነው? ስለዚህ ትዞራለህ። ሎስት ሦስተኛው ሲዝን ላይ ሲዞር አንድ ሙሉ ክፍል ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ንቅሳት ሆነ። ንቅሳቱን ከየት እንዳመጣው ማንም አልጠየቀም ነበር። ሊንደሎፍ በኋላ ሲናገር ያ ክፍል ጣቢያውን ያሳመኑበት ማስረጃ እንደሆነ ይጠቅሳል፤ መጨረሻው ካልታወቀ ከዚህ በኋላ የምንሠራው እንዲህ ያለ ነው ብለው። ግንቦት 2007 ላይ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ 48 ክፍል ብቻ፣ ማብቂያው 2010።

የመጨረሻው ክፍል ግንቦት 23 ቀን 2010 ታየ። ሰው ተከፋፈለ። እስከ ዛሬ «ለካ ከመጀመሪያው ሞተው ነበር» የሚል ሰው አገኛለሁ። አልሞቱም፤ የደሴቱ ታሪክ በሙሉ የሆነ ነገር ነው፣ ጸሐፊዎቹም ደጋግመው ተናግረዋል። ጣቢያው ግን መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ሲያልፍ ሰው የሌለበት የአውሮፕላን ስብርባሪ ምስል አስገባበት። ለስንብት ብሎ ነው። ሕዝቡ ደግሞ መልስ ሲናፍቅ የከረመ ነውና ያንን ምስል መልስ አድርጎ ወሰደው። እኔ መጨረሻውን አልጠላሁትም። ገጸ ባሕርያቱ መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲገናኙ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ግን ጎንደርና ሐረርን ሰጥቼ ደብረ ብርሃንን ያህል ነው የተመለሰልኝ።

«ታዲያ ቀድሞ ማቀድ ነው መፍትሔው» የሚል ይኖራል። ይሄንን የሞከረ ሰው ነበረ፤ ታሪኩን እወደዋለሁ። ከሎስት አሥር ዓመት ቀድሞ ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ የሚባል ጸሐፊ አንድ የአምስት ዓመት ታሪክ አቀደ። መጀመሪያ፣ መካከል፣ መጨረሻ ያለው፣ በቴሌቪዥን የሚታይ ልብ ወለድ። ስሙ ባቢሎን 5 ነው፤ ተከታታዩ ከ1994 እስከ 1998 ታየ። ከ110ሩ ክፍል 92ቱን ራሱ ጻፈው። ሦስተኛውና አራተኛው ሲዝን ውስጥ ሌላ ሰው የጻፈው አንድም ክፍል የለም። ዛሬ ስታዩት የኮምፒውተር ምስሉ ሊያስቃችሁ ይችላል። ሁለት ሦስት ክፍል ታገሱት።

ሰውዬው ቴሌቪዥን ምን እንደሆነ ያውቃል። ተዋናይ ይታመማል፣ ይጣላል፣ የተሻለ ክፍያ ያገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ሲጽፍ ማምለጫ በር አዘጋጀለት። ይሄ ሰው ነገ ቢጠፋ የሱን ሸክም ማን ይረከባል? መልሱ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። በሩ የሚያስፈልግበት ቀንም ፈጥኖ መጣ። አንደኛው ሲዝን እንዳለቀ መሪ ተዋናዩ ማይክል ኦሄር ወጣ። ለምን እንደወጣ ለዓመታት ብዙ ተባለ። እውነቱ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበር። ስትራዚንስኪ ምስጢሩን እስከ መቃብሬ እይዛለሁ ቢለው፣ ኦሄር አይሆንም፣ እስከ እኔ መቃብር ያዘው፤ ከሞትኩ በኋላ ሰው ይወቀው፣ ለሌላው ይጠቅማል ብሎ አደራ ሰጠው። ኦሄር በ2012 አረፈ። ስትራዚንስኪ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

መሪ ተዋናይህ በአንደኛው ዓመት ሲሄድብህ ታሪኩ አለቀለት ማለት ነው። ባቢሎን 5 ግን በሩን ከፍቶ ሌላ አዛዥ አስገባ፣ ቀጠለ። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ደግሞ ኦሄር ለሁለት ክፍል ተመልሶ መጣ። አንደኛው ሲዝን ላይ ተጥሎ የነበረ እንቆቅልሽ በሱ በራሱ ፊት ተፈታ። ያንን ሳይ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ደግሞም ፊልሙ ከተሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢሆንስ?

ዕቅድም ቢሆን ሁሉን አያድንም። በአራተኛው ዓመት የሚያስተላልፈው ድርጅት ሊፈርስ ሆነ። አምስተኛ ዓመት አይኖርም ተብሎ ስትራዚንስኪ ታሪኩን አራተኛው ውስጥ ጠቀጠቀው። የመጨረሻውን ክፍል ሁሉ ቀረጸ። በመጨረሻው ሰዓት ሌላ ጣቢያ «አምስተኛውን እኔ እወስዳለሁ» ብሎ መጣ። የተቀረጸው ስንብት ሳጥን ውስጥ ገባ፣ አንድ ዓመት ቆይቶ ታየ። አምስተኛው ሲዝን ታዲያ ቀጭን ነው። ዋናው ምግብ ቀደም ብሎ ተበልቷላ!

አሁን የራሴን ሐሳብ ላፍርሰው። ብሬኪንግ ባድ የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ አውጥቶ አውርዶ ያቀደ ሰው አልነበረም። ጄሲ የሚባለውን ልጅ፣ ዛሬ ያለሱ ታሪኩን ማሰብ የማይቻለውን፣ ፈጣሪው ቪንስ ጊሊጋን አንደኛው ሲዝን ላይ ሊገድለው አስቦ ነበር። አምስተኛው ሲዝን ሲከፈት ዋናው ገጸ ባሕርይ ዋልተር ዋይት መኪናው ኋላ ላይ መትረየስ ጭኖ ይታያል። ያንን ሲጽፉ መትረየሱ ለምን እንደሆነ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው አያውቁም ነበር። ልክ እንደ እህቴ ልጅ። ይሁንና መጨረሻው እንከን አይወጣለትም፤ መትረየሱም ቦታውን አግኝቷል። 62 ክፍል፣ 2008 ተጀምሮ 2013 ያለቀ። መጀመሪያውን ያየው ሰው አንድ ሚሊዮን ተኩል አይሞላም፤ መጨረሻውን ያየው ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው።

እንዴት ሆነ? እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ጊሊጋንና ጓደኞቹ የሚያስቡት ወደፊት አልነበረም፤ ወደኋላ ነበር። ይህ ሰው ትናንት ምን አደረገ? ያደረገው ነገር ማንን ነካ? የተነካው ሰው ዛሬ ምን ያደርጋል? የዕዳ መዝገብ ነው። ያለ መልስ የወረወሩት ጥያቄ እንኳን ቁጭ ብለው እስኪያገኙት ድረስ መዝገብ ላይ ይቆያል። ጥያቄ ሲያልቅባቸው አዲስ ጥያቄ አላመጡም።

በነገራችን ላይ የእህቴ ልጅ ከሳምንት በኋላ እየሮጠች መጣች። ማታ የካርድ ቆጣሪው ሒሳብ ሊያልቅበት ሲል «ጲጵ ጲጵ» ይል ጀምሯል። «አገኘሁት!» አለች። «ቆጣሪ ነው!» አሰብኩት። እግር የለው ይሮጣል። ሲርበው ይጮኻል። ከመጀመሪያው ታስቦበት ቢሆን እንኳን እንዲህ አይገጥምም። ይቅርታ አደረግኩላት። ከተሞቹን ግን አልመለሰችም።

ጌም ኦፍ ትሮንስ በሚባለው ተከታታይ ላይ ብዙ ባልቆይ ይሻላል፤ ስለሱ ያልተባለ ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ። ሠሪዎቹ መድረሻውን ያውቁ ነበር። ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን መጻሕፍቱን ባይጨርስም ዋና ዋናውን ነግሯቸው ነበር። ያጠራቸው መንገዱ ነው። በየዓመቱ 10 ክፍል የነበረው ሰባተኛው ሲዝን ላይ 7፣ ስምንተኛው ላይ 6 ሆነ። ቀድሞ አንድ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብ ለመሄድ ግማሽ ሲዝን ይፈጅበታል። በመጨረሻ አንድ ትዕይንት ላይ ተነስቶ ቀጣዩ ላይ ይደርሳል። ግንቦት 2019 ላይ መጨረሻውን በአሜሪካ ብቻ 19 ሚሊዮን ሰው አየው። እንደገና ይሠራልን ብሎ የፈረመው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሰው የተቆጣው በመድረሻው ነው ይባላል። እኔ አይመስለኝም። ያ መድረሻ በሌላ ሃያ ክፍል ቢደረስበት ብዙው ሰው አልቅሶ ይቀበለው ነበር።

ለዚህ ምስክር የምጠራው ከእኛው ቤት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ መጨረሻው ሽፋኑ ላይ ተጽፎ ነው። እስከ መቃብር! ሐዲስ ዓለማየሁ ምንም አልደበቁም። ቆይቶ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከሚሰማው ሕዝብ ብዙው መጽሐፉን አንብቧል፣ ያላነበበውም ከርዕሱ ገብቶታል። እናቴ ስትነግረኝ ሰዓቱ ሲደርስ ሰፈሩ ጸጥ ይል ነበር። ከፋ ያለው ሰው የሬዲዮው ባትሪ ያለቀበት ነው። በዛብህ እንደሚሞት እያወቁ ምን ነበር የሚጠብቁት? አካሄዱን ነዋ። ጉዱ ካሳ ዛሬ ደግሞ ምን ይላል? ፊታውራሪ መሸሻ ዛሬ ደግሞ በምን ይቆጣሉ? የወጋየሁ ድምፅ እያንዳንዳቸውን ሰው አድርጎ ያቆማቸዋል። ፍጻሜው የታወቀ ታሪክ ሰዉን ከቤት ያላስወጣ እንደሆነ፣ መጨረሻውን ቀድሞ የነገረንን ሰው «ስፖይለር» እያልን የምንጣላበት ነገር ትንሽ ሳይጋነን አይቀርም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጠያቂው ነው። የዛሬው ችግር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዛሬ መልሱን የሚያውቅ ጠያቂ ሞልቷል፤ ተናግሮ ሳይጨርስ አፉን የሚይዘው በዝቷል።

ዳርክ የሚባለውን የጀርመን ተከታታይ ያየ ሰው ምን ዓይነት ራስ ምታት እንደሆነ ያውቃል። አራት ቤተሰብ አለ፤ ዘመኑ በ33 ዓመት ልዩነት ይመላለሳል፤ 1953፣ 1986፣ 2019። አንዱ ሰው በሦስት ዕድሜ ይመጣል። እኔና እህቴ ያለፈ ዓመት ካላንደር ገልብጠን ጀርባው ላይ የዘር ሐረግ ስለን ነው የጨረስነው። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ቀስቶቹ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ወረቀቱ የሸረሪት ድር መሰለ። ግን ገጠመ። ፈጣሪዎቹ ባራን ቦ ኦዳርና ያንቲዬ ፍሪሴ ሦስት ሲዝን ነው አሉ፣ ሦስት ሆነ። 26 ክፍል። ሦስተኛው የወጣው ሰኔ 27 ቀን 2020 ነው፤ ታሪኩ ውስጥ ዓለም የሚጠፋበት ቀንም ያው ሰኔ 27 ቀን 2020 ነው። ይሄ ትምክህት ነው። ግን ሒሳቡን የጨረሰ ሰው ትምክህት ስለሆነ አያስቀይምም።

እነዚሁ ሰዎች ኅዳር 2022 ላይ 1899 የሚባል አዲስ ነገር ይዘው መጡ። አውሮፓን ለቆ ወደ ኒው ዮርክ የሚጓዝ መርከብ፤ ተሳፋሪው ሁሉ በየቋንቋው ይናገራል፤ ጀርመንኛ፣ ዴንማርክኛ፣ ፖላንድኛ፣ የቻይና ቋንቋ። ይሄም ሦስት ሲዝን የታቀደ ነበር። ስምንቱን ክፍል በሁለት ማታ ጨረስነው። የመጨረሻው ትዕይንት ያየነውን ሁሉ ገለባብጦ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። እህቴ ካላንደር ፍለጋ ተነሳች። በጥር 2023 መጀመሪያ ላይ ፈጣሪዎቹ፣ በኢንተርኔት የሚያሳየው ኔትፍሊክስ እንደማይቀጥልበት ተናገሩ። በቃ። በወጣ በመጀመሪያ ሳምንቱ ብዙ ከታዩት ተርታ የነበረ ፊልም ነው። መልሱ ሁለት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ አለ። እኛ አገሩን ሰጥተናል።

ለምን? እንዲህ ያለ ቤት እንዴት እንደሚቆጥር ማወቅ ይጠቅማል። በ2019 ኔትፍሊክስ ለብሪታንያ ፓርላማ ኮሚቴ በጻፈው ደብዳቤ ተመልካቹን በሦስት እንደሚከፍል ገልጿል። ሁለት ደቂቃ ያየ «ጀማሪ» ነው። 70 በመቶ ያየ «ተመልካች»። 90 በመቶ ያየ «ጨራሽ»። ይሄ በመጀመሪያዎቹ 7 እና 28 ቀናት ይታያል። ከዚያ ከወጪው ጋር ይመዘናል። እንግዲህ አስቡት። ውድ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ ትኩረት የሚጠይቅ ታሪክ በ28 ቀን ውስጥ ነው የሚፈረድበት። ዳርክን ብዙ ሰው የደረሰበት ቆይቶ፣ በወሬ ወሬ ነው። ብሬኪንግ ባድ በ28 ቀን ቢመዘን ዛሬ ስሙን የሚያነሳው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ እኛ ደግሞ እንገባበታለን። ተመልካቹ ብልጥ ሆኗል። «ካለቀ በኋላ አየዋለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ስንት ጊዜ ይቃጠል? ግን እሱ ሲጠብቅ ቁጥሩ ይቀንሳል። ቁጥሩ ሲቀንስ ይሰረዛል። ሲሰረዝ ቀጣዩን የሚጠብቀው ሰው ይበዛል። አዙሪት ነው። ከቴሌግራም አውርደን የምናየው ደግሞ ከናካቴው አንቆጠርም። የምወደውን ነገር በነጻ እያየሁ «ለምን ሰረዛችሁት?» ብዬ የጮኽኩበት ጊዜ አለ፤ ሳስበው ያሳፍረኛል። አሁን አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በሰጠችኝ አካውንት ነው የማየው። እሱም ቢሆን ብዙ የሚያኮራ አይደለም።

ያልተሰረዘውም ቢሆን ሌላ ጣጣ አለው። ባቢሎን 5 በአምስት ዓመት 110 ክፍል ሠራ። ስለ ልጆች የሚተርከው የኔትፍሊክስ ተከታታይ ስትሬንጀር ቲንግስ ከ2016 እስከ 2025 መጨረሻ፣ አሥር ዓመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው፣ 42 ክፍል ነው። አራተኛውና አምስተኛው መካከል ሦስት ዓመት አለ። ጢም ያወጡ ጎረምሶች የተማሪ ቦርሳ አንግተው ሕፃን ነን ይሉናል። ሦስት ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ሰው የቀድሞውን አስታውሶ አይመጣም፤ ስለዚህ ታሪኩ ራሱን ሲያስታውስ ጊዜው ያልቃል። ጸሐፊዎቹም ተጎድተዋል። ድሮ ጸሐፊ ቡድን አብሮ ይከርማል፤ ቀረጻው ላይ ይገኛል፤ የወረወረውን እንቆቅልሽ ራሱ ይለቅመዋል። በኋላ ጥቂት ሰው ለጥቂት ሳምንት ተሰብስቦ ጽፎ የሚበተንበት አሠራር መጣ። በ2023 የአሜሪካ ጸሐፊዎች 148 ቀን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው ነበር። አንድ ቡድን ቢያንስ ስንት ሰው ይኑረው፣ ስንት ሳምንት ይቆይ የሚለው ውል ውስጥ ገባላቸው። ስለ ደሞዝ ብቻ መስሎት ያለፈው ሰው ብዙ ነው። መዝገቡን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄም ነበር።

ትልልቅ ጣቢያዎችን ሳይጠብቁ በራስ መንገድ መሄድም አለ። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የሚለውን ፊልሙን ለመሥራት ገንዘብ ሲያሰባስብ 14 ዓመት ፈጅቶበታል። በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ሰጠው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ ደርግን አይቶ፣ ጣና ዳር ወዳለች መንደሩ ይመለሳል። ትዝታው ተሰባብሯል፤ ፊልሙም አብሮት ይሰባበራል። መጀመሪያ ሳየው ግማሹ አልገባኝም ነበር። አጠገቤ የነበሩ ሰውዬ ግን መሀል ላይ ማልቀስ ጀመሩ። እሳቸው የጎደለውን ከራሳቸው ሕይወት እየሞሉ ነበር የሚያዩት። ጥያቄው ከባድ ቢሆንም ጠያቂው መልሱን ኖሮበታል፤ ያ ይሰማል።

14 ዓመት ግን ለማንም የሚመከር አይደለም።

የእኛ ቴሌቪዥን ድራማዎች ላይ ስመጣ አንድ ትንሽ ነገር ነው የምጠይቀው። ስንት ክፍል እንደሆነ ንገሩን። በሳምንት አንዴ የሚተላለፍ ድራማ ስፖንሰር እስካለ ድረስ ይጎተታል፤ ስፖንሰሩ ሲወጣ ይቆማል። ተዋናዩ ውጭ ሲቀር ገጸ ባሕርይውም «ውጭ ሄደ» ይባላል። ማምለጫ በር አይደለም ይሄ፤ በመስኮት መዝለል ነው። ችሎታው የለም እንዳልል «እረኛዬ»ን ያየ ሰው ይከራከረኛል። በምዕራፍ በምዕራፍ ተከፍሎ የመጣ፣ የገጠር ሰውን ወግና ዝምታ አክብሮ የያዘ ሥራ ነው። በየምዕራፉ መቆሙ ራሱ ለጸሐፊዎቹ ትንፋሽ እንደሰጣቸው ያስታውቃል። ሌሎቹም «ይሄ 30 ክፍል ነው፣ እዚህ ጋ ያልቃል» ብለው ቢጀምሩ እኔ በበኩሌ 30ውንም ሳምንት አልቀርም።

እስከዚያው የራሴን ድርሻ እየተወጣሁ ነው። ያላለቀ ነገር መጀመር አላቆምኩም። ሰሞኑን አንድ ቀስ የሚል፣ ብዙ ሰው ያላወቀው ሲዝን ይዣለሁ፤ እህቴ «ካለቀ ንገረኝ» ብላ ትታኛለች። እንቅልፍ ቢጥለኝ እንኳን አላጠፋውም። 90 በመቶው ይሙላ፣ ጨራሽ ተብዬ ልቆጠር። ትናንት ሌሊት ሶፋው ላይ እንደተጋደምኩ ክፍሉ ብቻውን ሲሮጥ አደረ። ከኮሪደሩ ቆጣሪው መጮኽ ጀመረ። «አጎቴ!» አለች ያቺ ልጅ ከመኝታ ቤቷ፣ «ራበው!»